ባዶው ወንበር ሰው አለው

እግዚአብሔርን ማገልገል የማይፈልግ ሰው ሐዋሳ ውስጥ አላጋጠመኝም። ሁላችንም እንፈልጋለን፤ ብቻ ማይክ ባለበት በኩል ይሁንልን እንጂ። ማይኩ ካልደረሰን ደግሞ ደረት ላይ የሚንጠለጠል ባጅ አናጣም። ለእኔ የደረሰኝ ባጁ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የአስተናጋጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ በተመረጥኩ ዕለት፣ ባለቤቴ እንደምትለው፣ ቤት የገባሁት በሩ እስኪሰፋልኝ ቆሜ ጠብቄ ነው።

ያለ ለውጥ ሹመት ምን ያደርጋል? መመሪያ አወጣሁ፤ አምስት ገጽ። ከሁለተኛው መዝሙር በኋላ ባዶ የቀረ ወንበር ሁሉ ለቆመ ሰው ይሰጣል የሚለው አንቀጽ የራሴ ፈጠራ ስለሆነ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ለራሴም ከመድረኩ ሥር «ሰብሳቢ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ወንበር አስቀመጥኩ። አስተናጋጅ ቆሞ አይደል እንዴ የሚያስተናግደው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ እኔ ግን የማስተናግደው አስተናጋጆቹን ነበር።

ችግር የሆኑብኝ ጋሽ ዱካሞ ናቸው። ከቱላ የሚመጡ፣ ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ በአትክልተኝነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ከሃያ ዓመት በላይ በር ላይ ቆመው ሰው ያስገባሉ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም የተባለው ለእሳቸው ይመስለኛል። እሁድ እሁድ ማልደው ይመጡና በሩ አጠገብ ምሰሶው ሥር ያለችውን አንዲት የፕላስቲክ ወንበር በመሐረባቸው ይወለውላሉ፤ የሲዳምኛ መጽሐፍ ቅዱሳቸውንም ያስቀምጡባታል። ሊቀመጥ የሚመጣውን ሁሉ፣ ሰው አለው፣ ይሉታል። ፕሮግራሙ ያልቃል፣ ሰውየው አይመጣም። እንዲህ ሲያደርጉ አራት ዓመት ሆናቸው።

ሰውየው ከእኔ በፊት ከነበሩት ሰብሳቢዎች አንዱ ነው፤ ታምራት ይባላል። በምርጫ ወርዶ ሌላ ሲተካበት አኩርፎ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እኛ ጋ ግን የሚበላ ነገር ሳይኖርም ይቆጫል። ኋላ ሚስቱ ሞተችበትና ከሰው ጋር መነጋገሩንም ተወው። ጋሽ ዱካሞ በየእሁዱ ከሰዓት ደጁ ድረስ ሄደው፣ ቦታህ አለ፣ ብለውት ይመለሳሉ። ምክር የለ፣ ተግሣጽ የለ። በሩን የሚከፍተው ለእሳቸው ብቻ ነው አሉ። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ ነገር ግን መመሪያዬ ላይ «ካኮረፈ ሰው ወንበር በስተቀር» የሚል ቃል አልነበረም።

እንግዳ ሰባኪ የመጣ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ መስኮቱ ሳይቀር ሰው ነው። ሁለተኛው መዝሙር እንዳለቀ መጽሐፍ ቅዱሱን ከምሰሶው ሥር ወንበር ላይ አንሥቼ ለጋሽ ዱካሞ አስረከብኩና፣ ቆሞ ላቡን ሲጠርግ የነበረ አንድ ወፍራም ነጋዴ አስቀመጥኩበት። ሽማግሌው መጽሐፋቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ወደ በሩ ተመለሱ። እኔም ሕግ በመከበሩ ደስ ብሎኝ እዚያው ቆሜ አዳራሹን ቃኘሁ።

ስብከቱ ተጀምሮ ጥቂት እንደ ሄደ ታምራት መጣ።

ክው አልኩ። ከስቷል፤ ኮቱን ከሌላ ሰው የተዋሰው ይመስላል። በሩ ላይ ጋሽ ዱካሞ አጠገብ ቆመና ዓይኑን በቀጥታ ምሰሶው ሥር ጣለ። ነጋዴው ተደላድሎ ተቀምጧል። ታምራት ፈገግ አለ፤ እንዲያ ያለውን ፈገግታ አያሳያችሁ። ለእኔ ቦታ እንደሌለ ድሮም አውቃለሁ፣ አላቸውና ሊሄድ ዞረ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከአምስቱ ገጽ ውስጥ የሚያድነኝ አንድ አንቀጽ አጣሁ።

ጋሽ ዱካሞ ክንዱን ያዙት። ቆይ፣ ወንበርህ ፊት ነው ያለው፣ ላምጣልህ፣ አሉት። መጽሐፋቸውን አስያዙትና በመካከለኛው መተላለፊያ ወደ ፊት ሄዱ። በፕሮግራም ሰዓት ከበሩ ርቀው የማያውቁት ሰው መድረኩ ሥር ደርሰው የእኔን ወንበር፣ ወረቀቱ እንደ ተለጠፈበት፣ ከራሳቸው በላይ አነሡት። ሰባኪው ንግግሩን አቋረጠ። ሽማግሌው ወንበሩን ተሸክመው ያን ሁሉ መንገድ ተመለሱ፣ ምሰሶው አጠገብ አስቀመጡት፣ መሐረባቸውንም አውጥተው ወለወሉት። ታምራት ተቀመጠና ፊቱን በመጽሐፉ ሸፍኖ አለቀሰ።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። እውነቴን ነው፣ ፈራሁ። እግዚአብሔር በዚህ ቤት አለ ሲባል ስንት ጊዜ አሜን ብያለሁ፤ ያን ዕለት ግን በአጠገቤ ያለፈ መሰለኝና ጫማዬን ማውለቅ አማረኝ። አራት ዓመት ሙሉ ባዶ ወንበር የሚወለውል ሰው ምን ቢታየው ነው? እኔ ባዶ ወንበር ሳይ የሚታየኝ የመመሪያ ጥሰት ነው።

በሚቀጥለው እሁድ ይቅርታ ልጠይቃቸው ማልጄ ሄድኩ። ታምራት ቀድሞኝ ተቀምጧል። ጋሽ ዱካሞ ከጎኑ ሌላ ወንበር እየወለወሉ ነበር፤ ሲጨርሱ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አስቀመጡበት። ይቅርታዬን ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀበሉኝ። ይሄኛውስ የማን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ያንተ ነው አሉኝ። ጋሽዬ፣ እኔ እኮ አለሁ፣ የትም አልሄድኩም፣ አልኳቸው።

ቀና ብለው ባጄን አዩትና፣ ምርጫው በሰኔ ነው፣ አሉኝ።