«እንዴት አደርክ?» ሲሉኝ የምናደድበት ጊዜ

«እንዴት አደርክ?» ሲሉኝ የምናደድበት ጊዜ ነበር። እናንተ ተኝታችሁ ስለምታድሩ ሰላምታ ይመስላችኋል። ላልተኛ ሰው ግን ምርመራ ነው። ምን ብዬ ልመልስ? «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጣሪያ ስቆጥር አደርኩ» ልበል? መርሳ ደግሞ ሰላምታ የሚቆጠብባት ከተማ አይደለችም። ከቤቴ እስከ ጋራዤ በእግር አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። በዚያች መንገድ ላይ ብቻ ሃያ ጊዜ «ደህና» እያልኩ እዋሻለሁ። ጋራዥ ስደርስ የቀኑን ውሸት ጨርሼ ነው።

መካኒክ ነኝ። ያኔ በሐራ በኩል የባቡሩ ሐዲድ ሥራ ተጧጡፎ፣ መንገዱ በአፈር ጫኝ መኪና የተጨናነቀበት ጊዜ ነው። ጠዋት መኪና ሥር እገባለሁ፣ ሲመሽ እወጣለሁ። የመርሳን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ በጀርባ ተኝቶ በላብ መጠመቅ ነው። እንደ ድካሜ ቢሆን ኖሮ አንዴ ከተኛሁ ክረምት አልፎ መስቀል ሲደርስ ነበር የምነቃው።

ግን አልተኛም። አልጋ ላይ ስወጣ ነው ሰውነቴ ሥራ የሚጀምረው። ባቴ ድንገት ይሸመቀቅና እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ዘልዬ እነሳለሁ፣ ግድግዳ ተደግፌ በእግሬ መሬት እረግጣለሁ። ለቀቀኝ ብዬ ጋደም ስል ሌላው እግሬ ተራውን ይጠይቃል። ልቤም አንዳንዴ ድው ድው ትላለች፣ ምንም ሳልሰርቅ። በዚያ ላይ ብስጩ ሆንኩ። ባለቤቴ በላይነሽ ማንኪያ ከጣለች የጋራዥ ጣሪያ የወደቀ ያህል እደነግጣለሁ።

ዓይኔስ? የግራ ዓይኔ ሽፋን ቀኑን ሙሉ ይርገበገባል። በላይነሽ ይህን ስታይ «እንግዳ ሊመጣ ነው» ትልና ቤት ታጸዳለች። አንድ ወር ሙሉ ቤታችን እንደ ሰርግ ቤት ተዘጋጅቶ ከረመ። የመጣው እንግዳ አንድ ብቻ ነው፤ የቀበሌ ሰው፣ ለአንድ ለአምስት ስብሰባ ሊጠራን። እውነቱን ልንገራችሁና፣ በዚያ ዓመት ጥሩ እንቅልፍ የተኛሁት እዚያ ስብሰባ ላይ ነው። የአፈጻጸም ሪፖርት ሲነበብ አገጬ ደረቴ ላይ ወደቀ። ሰብሳቢው ስሜን ጠርቶ አስተያየት ጠየቀኝ። «እደግፋለሁ» እያልኩ ነቃሁ። ተጨበጨበልኝ። ምኑን እንደደገፍኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

መካሪ አላጣሁም። አንዱ ወተት በማር ጠጣ አለኝ፤ ጠጣሁ። ሌላው ሰው ዓይን ገብቶብሃል አለኝ። ጠበልም ሄድኩ። የሚገርመው፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ትንሽ ይሻለኛል። በላይነሽ ደስ አላት፤ መንፈሳዊ ነገር ነው፣ ጾሙን አክብረህ ስለያዝክ ነው አለችኝ። ፋሲካ አለፈ፣ ባቴም ወደ ልማዱ ተመለሰ። እኔም በኃጢአቴ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

እንዲህ እየተንገታገትኩ ሳለ ነው የሰይድ ነገር የመጣው።

ሰይድ ጓደኛዬ ነው። ከሀብሩ ገጠር ብርቱካንና ማንጎ እየሰበሰበ በፒክአፑ ደሴ ያደርሳል። መኪናውን ከእኔ በቀር ሰው አስነክቶ አያውቅም። አንድ ጠዋት ብርቱካኑን እንደጫነ መጣና፣ የፊቱ የግራ ጎማ ፍሬን ሲይዝ ይጮኻል፣ ቶሎ እይልኝ አለኝ። እናቱ እማማ ሐሊማ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠዋል። ለዓይናቸው ሕክምና ደሴ ቀጠሮ ነበራቸው። በክሪክ አነሳሁት፣ ጎማውን ፈታሁ፣ ፍሬኑን አጸዳሁ፣ ጎማውን መለስኩ። ቡሎኖቹን በእጄ አስያዝኳቸው። ከዚያ በመፍቻ ይጠብቃሉ። ማንም መካኒክ የሚያውቀው ነገር ነው። እኔ ግን እዚያ ላይ የሆነ ቦታ ጠፋሁ። ዓይኔ ተከፍቷል፣ እጄም ይንቀሳቀሳል፤ ሰውዬው ግን የለም። ክሪኩን አወረድኩና «በሰላም ግቡ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ሰይድ ተመልሶ የመጣው ረፋድ ላይ ነው፣ በሰው ሞተር ሳይክል ተፈናጦ። ልብሱ አቧራ ለብሷል። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም። አጠገቤ ያለ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«ቡሎኑን አጥብቀኸው ነበር?» አለኝ።

«አዎ» አልኩ። መፍቻዬን አየት አደረግሁና፣ «አላስታውስም» አልኩት።

«እናቴ ውስጥ ነበረች።»

የሆነውን ቆይቶ ነው የነገረኝ። ውርጌሳ ሊገቡ ሲሉ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደግነቱ ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው። ወዲያው የግራው ጎማ ወጥቶ መኪናውን ቀድሞ ሄደ። እማማ ሐሊማ በደከመ ዓይናቸው አይተውት፣ «ሰይዶ፣ ያ የሚሮጠው የማን ጎማ ነው?» ብለው ጠየቁ። መኪናው በአንድ ጎኑ አስፋልቱን እየፋቀ ሄዶ ማሽላ ማሳ ውስጥ ቆመ። ሰው አልተጎዳም። ብርቱካኑ ግን አገር ለአገር ተንከባለለ። ከኋላው አውቶቡስ ቢኖርስ? ዳገቱ ላይ ቢሆንስ? ይህን «ቢሆንስ» እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም።

በማግስቱ እማማ ሐሊማ ዘንድ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዙኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፈናል አሉኝ። ቀጥለው ግን እንዲህ አሉ፤

«ሰይድ እንደሁ መኪናውን ለሌላ ሰው አይሰጥ። እኔም ደሴ የምሄደው አንተ ተኝተህ ስትነሳ ነው ልጄ። እስከዚያ ዓይኔ ይቆያል።»

አስቡት እንግዲህ። የአንዲት እናት ዓይን የእኔን እንቅልፍ መጠበቅ ጀመረ። የዚያን ሌሊት ጭራሽ አልጋ ላይም አልወጣሁ።

ሰይድ እጄን ይዞ ወልድያ ወሰደኝ። ያየችኝ ሐኪም ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። እንቅልፌን ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ ምግቤን ጠየቀችኝ። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ማኮሮኒ፣ ማታ ደክሞኝ ስለምገባ እንደገና ዳቦ በሻይ አልኳት። ቡናስ? ዓይኔን ለመግለጥ ስድስት ሰባት ስኒ፣ የመጨረሻውን ጋራዥ ስዘጋ። ጎመን፣ ባቄላ፣ ሽሮ መቼ ይበላሉ? አለችኝ። በጾም አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣ በጾም እንቅልፍዎ ይሻላል እንዴ? ስትል ደነገጥኩ። ጠንቋይ ቤት የመጣሁ መሰለኝ።

መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ? አለችኝ። በፍጹም አልኩ። ሰይድ ጣልቃ ገባና የጨጓራዋስ ክኒን? አለ። እሷማ መድኃኒት መሆኗን ረስቼው ነበር። መጀመሪያ ሐኪም ለአንድ ወር ነበር ያዘዘልኝ። ወሩ ሲያልቅ እኔና ክኒኗ ተላምደን ስለነበር ራሴ እየገዛሁ ሦስት ዓመት ቀጠልኩ። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ደሜ ተቀዳ። ምርመራው እዚያ ስላልነበረ ደሴ ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ ማግኒዥየም የሚባል ማዕድን በደሜ ውስጥ አንሷል። እንደገባኝ ላስረዳችሁ። ጡንቻና ነርቭ ከሥራ በኋላ ዘና እንዲሉ የሚያግዛቸው እሱ ነው። ሲያንስ ጡንቻ ይሸመቀቃል፣ ዓይን ይርገበገባል፣ ልብ ይደልቃል፣ ሰው ይበሳጫል፣ እንቅልፍም ይሸሻል። ያቺ የጨጓራ ክኒን ለብዙ ጊዜ ስትወሰድ አንጀት ማዕድኑን እንዳይቀበል ታደርጋለች። ነጭ ዳቦና ማኮሮኒ ደግሞ ብዙም የላቸውም። ቡናውም በላዩ ላይ እንቅልፌን ያባርራል። ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይን ገባብኝ ስል ሦስቱንም በአፌ ያስገባኋቸው እኔው ነኝ።

ሐኪሟ የጨጓራውን መድኃኒት ቀየረችልኝ። ለተወሰኑ ሳምንታት የማግኒዥየም ክኒን አዘዘችልኝ፤ ከታዘዘው እንዳያልፉ፣ ኩላሊቱን ለታመመ ሰውም እንዳይሰጡ ብላ አስጠነቀቀችኝ። የዱባ ፍሬ ቆልተው ይብሉ፣ ባቄላውን፣ ሽንብራውን፣ ጎመኑን፣ የጤፍ እንጀራውን ከጾም ውጭም ይብሉ አለች። ቡና ከምሳ በኋላ የለም። መኝታ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት። በመጨረሻ እንዲህ አለችኝ፤

«እንቅልፍ ያጣ ሰው ሁሉ ግን ማግኒዥየም አንሶታል ማለት አይደለም።»

ይህቺን የመጨረሻዋን በወጉ አልሰማኋትም።

ቸኩያለሁ፣ እማማ ሐሊማ እየጠበቁ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ክኒን ፋንታ ሁለት ዋጥኩ፤ እንቅልፉም እጥፍ እንዲሆን። ሌሊቱን ሙሉ በመኝታ ቤትና በሽንት ቤት መካከል ተመላለስኩ። ለካ ሲበዛ ያስቀምጣል! በላይነሽ ፋኖስ ይዛ በር ላይ ቆማ፣ ሐኪም እንዲህ ነው ያዘዘችህ? ብላ ጠየቀችኝ። መልስ ለመስጠት ጊዜ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ አደብ ገዛሁ። የጠዋቱን ዳቦ ተውኩ፤ በላይነሽ ሽሮና ጎመን በሳህን ቋጥራ ጋራዥ ታመጣልኛለች። ኪሴ ውስጥ ከቡሎኑ ጋር የዱባ ፍሬ ይንኳኳል። የከሰዓቱ ቡና ሲቀር ሁለት ሳምንት ራሴን ሊፈልጠኝ ደረሰ። ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም። በመጀመሪያ ባቴ ተወኝ። ቀጥሎ ዓይኔ ጸጥ አለ። አምስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ጠዋት ስነቃ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ደረቴ ላይ ደርሳለች። በላይነሽ ራስጌዬ ቆማ ትንፋሼን ታዳምጣለች፤ የሞትኩ መስሏት።

እማማ ሐሊማ ደሴ ሄዱ። ቡሎኑን ሁለት ጊዜ አጠበቅሁት፣ ሰይድም ሦስተኛ አጠበቀው። ዓይናቸው ታክሞ ሲመለሱ ትክ ብለው አዩኝና፣ ድምፅህን ስሰማ ቆንጆ መስለኸኝ ነበር አሉኝ።

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ግን የዳነ ሰው አርፎ አይቀመጥም። እኔ የመርሳ የእንቅልፍ ሐኪም ሆንኩ። ጋራዥ የመጣውን ሾፌር ሁሉ ዓይኑን እመረምራለሁ፣ ባቱን እጨምቃለሁ፣ የዱባ ፍሬ እዘግናለሁ። አንድ ቀን ሼህ እንድሪስ የሚባሉ ከሀብሩ ገጠር የመጡ አዛውንት የውሃ ፓምፕ ሊያሠሩ መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። እንቅልፍ አጣሁ አሉኝ። ወዲያው ማግኒዥየም ነው አልኳቸው። የዱባ ፍሬ ሰጠኋቸው፣ ቡናውን ፈጽመው ይተዉ አልኩ። እሳቸው ደግሞ የነገሯቸውን የሚያከብሩ ሰው ናቸው።

በሁለት ሳምንታቸው ተመለሱ። ብሶባቸዋል። ምን ይበላሉ? አልኩ፤ መጀመሪያ ልጠይቅ የሚገባኝን። ከማሳቸው ማሽላ፣ ባቄላ፣ ከጓሯቸው ጎመን። እግርዎን ይይዝዎታል? በጭራሽ። እኚህ ሰው በማግኒዥየም ከእኔ አሥር እጅ ሀብታም ናቸው። ቁጭ አልኩና በዝግታ ጠየቅኋቸው።

«ሼህ እንድሪስ፣ አልጋ ላይ ሲወጡ ምን ያስባሉ?»

«ጅዳ ያለችውን ልጄን» አሉኝ። «አራት ወሯ፣ ድምጿ ከጠፋ።»

ልጅቱ የምትደውለው መርሳ ባለ አንድ ሱቅ ስልክ ነበር። ሱቁ ተዘግቷል፤ ባለሱቁም አገር ለቋል። የእሷ ቁጥር የለም ወይ ስላቸው ከኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ማን ይደውልልኝ ብዬ ላስቸግር አሉ። በእኔ ስልክ ሞከርን፣ አይነሳም። ደጋገምን፣ አይነሳም። ነገ ይምጡ ብዬ ሸኘኋቸው። ያን ሌሊት ጎመኑንም ባቄላውንም በልቼ፣ ቡና ሳልቀምስ፣ በሰዓቴ ተኝቼ፣ ዓይኔ እንደፈጠጠ ነጋ።

በማግስቱ ሼህ እንድሪስ ገና ከመቀመጣቸው ስልኬ ጮኸ። የሴት ድምፅ ነው። ሰላምታም አላስቀደመች።

«አባቴ አለ?» አለችኝ።

ስልኩን ሰጠኋቸው። ቅባት የበላውን ስልክ በሁለት እጃቸው ይዘው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ብዙውን ጊዜ «ወላሂ አለሁ፣ ወላሂ ደህና ነኝ» ነበር የሚሉት። ለካ እሷም እዚያ ሆና የተዘጋውን ስልክ እየደወለች አራት ወር አልተኛችም።

ስልኩን መለሱልኝና ፊታቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። ቡና ይፈቀድልኛል? አሉኝ። አፍሬ ከጎረቤት አስመጣሁላቸው። አንዱን ጠጡ፣ ደገሙ። ትንሽ ልረፍ ብለው ሠርቼ ያቆምኳት መኪና የኋላ ወንበር ላይ ጋደም አሉ። ሦስተኛው ስኒ ሳይቀዳ ማንኮራፋት ጀመሩ።

ባለመኪናው ወልድያ ለመድረስ ቸኩሎ መጣ። በሩ ላይ ቆሜ፣ «መኪናህ ገና ነው፣ ነገ ጠዋት ና» አልኩት።

ካለቀች ሁለት ሰዓት ሆኗት ነበር።