የሲስተር ጥሩወርቅ የጡረታ ቀን

በዚህ ዓለም ሚስቱ ምጥ ላይ ያለች ባልን ያህል ግራ የገባው ፍጡር ያለ አይመስለኝም። ቢቀመጥ ይቆረቁረዋል፣ ቢቆም ተመልሶ መቀመጥ ያምረዋል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የክትባት ማስታወቂያ በቃሉ እስኪይዘው ያነባል፤ ዘበኛውን ሰዓት ይጠይቃል፣ መልሱን ሰምቶ ሳይጨርስ ደግሞ ይጠይቃል። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይባላል እንጂ፣ ባልማ አዋላጇንም ላስተምር ቢል አይፈረድበትም።

እኔም ባለፈው ክረምት እንዲሁ ሆንሁ። ባለቤቴን ዓለሚቱን ከቡሬ ወዲህ ካለችው መንደራችን እስከ አስፋልቱ በጋሪ፣ ከዚያ በባጃጅ አድርገን ሆስፒታል ስናደርሳት ገና ጧት ነበር። የተቀበሉን ሲስተር ጥሩወርቅ ናቸው። እኔንም ያዋለዱኝ እሳቸው ናቸው፤ በእኛ አገር ማን ያላዋለዱት አለ? ተከትዬ ልገባ ስል በሩ ላይ አስቆሙኝ።

«አንተ እዚያው ጠብቅ። ያንተ ሥራ አልቋል።»

ኮሪደሩን ስመላለስበት ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ አየኝና ክንዴን ያዘ። ስለ ሆስፒታሉ ያለፈ አገልግሎትና ስለ ወደፊት አቅጣጫው ስብሰባ ተጠርቶ የሕዝብ ተወካይ ጎድሎት ኖሯል። እምቢ ለማለት እንኳ ልብ አልነበረኝም፤ ገባሁ። እሱ ስለሚሠራው ፎቅ፣ ስለሚመጣው ማሽን ያስረዳል፤ የእኔ ጆሮ ግን ከግድግዳው ማዶ ነው። አንድ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ከወንበሬ ብድግ እላለሁ። አስተያየት ያለኝ እየመሰለው ሁለት ጊዜ ዕድል ሰጠኝ።

በመጨረሻ አያ ውበቱ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ተነሡ።

«ልጄ፣ ይህ ቤት ሳይሠራ በፊት ወላድ በቃሬዛ ተሸክመን ስንወጣ፣ ስንቷን ከመንገድ መልሰን ቀብረናል። ድንጋዩን በጫንቃችን ያጋዝነው ለዚያ ነው። ፎቁም ይሁን፣ ደግ ነው። ግን እፎቁ ውስጥ ማን ይቆምልናል?»

ሥራ አስኪያጁ ጥያቄውን ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ከዚያም ዛሬ ጡረታ የሚወጡት ሲስተር ጥሩወርቅ መጥተው ሽልማታቸውን እንዲቀበሉ ጠራ። ደግሞ ጠራ። የት እንዳሉ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ልናገር ብድግ አልሁ።

በሩ ተከፈተና አንዲት ነርስ ብቅ አለች። «የዓለሚቱ ባል ማነው? ወልዳለች፤ ግን ደም እየፈሰሳት ነው። ከፍኖተ ሰላም ደም እስኪመጣ ጊዜ የለም።»

እንዴት እንደሮጥሁ አላውቅም። የእኔ ደም አልገጠመም። ምን የሚረባ ነገር ነበረኝና! የገጠመው የሥራ አስኪያጁ ነበር። ከረባቱን ፈትቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ተጋደመ። አያ ውበቱና ሌሎቹ ተሰብሳቢዎች በኮሪደሩ ቆመው «ማርያም ማርያም» ይሉ ነበር።

ከቀትር በኋላ ሲስተር ወጡ። ፊታቸው በላብ ርሷል።

«ሴት ናት። እናቷም ተርፋለች፤ አሁን ቁጭ በል።»

ቁጭ አልሁ። ሥራ አስኪያጁ ክንዱ ላይ ጥጥ እንደተለጠፈበት መጣና የሽልማቱን ጋቢ እዚያው አለበሳቸው፤ ተሳሳሙ፤ እልል ተባለ። ወጣቱ ግን አልሄደም፤ እንደ ተማሪ እጁን እያፍተለተለ ቆመ።

«ሲስተር… ምትክዎ እስኪመደብ ድረስ ብቻ፣ ሰኞ…»

እሳቸው ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት ዞር አሉ።

«ጡረታዬ ስንት ደቂቃ ሆነው?»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸው አልሳቁም። ሰኞ ጧት ግን ያበጠ ጉልበታቸውን እየጎተቱ ገቡ። ባየኋቸው ጊዜ እፎይ አልሁ። እፎይ በማለቴም አፈርሁ።