የጋሽ ዣንጥላ የፀሐይ ራሽን

ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ሁሉ አንድ አስተካካይ ጎረቤት ሳይደርሰው አይቀርም። አስተካካይ ስል ጠብ የሚያበርደውን ሽማግሌ ማለቴ አይደለም። ደጃፋችሁ ላይ ያለው ምንጣፍ ከተጣመመ ጎንበስ ብሎ የሚያቃናውን፣ ለሰላምታ ገብቶ የግድግዳ ፎቷችሁን ሳያስተካክል የማይቀመጠውን፣ መኪና ስታቆሙ ማንም ሳይጠራው ከኋላ ቆሞ «ና፣ ና፣ ትንሽ፣ በቃ» የሚለውን ማለቴ ነው። ይህ ሰው የሌለበት ሕንፃ የለም። እኛ ጋ የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

የእኛው ግን ምንጣፍና ፎቶ አልበቃቸውም። እሳቸው የሚያስተካክሉት ፀሐይን ነው።

ክቡርነታቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ፎቶ ቤት ከፍተው በሰው ፊት ላይ ብርሃን ሲመጥኑ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ፊት ለፊት «ጋሼ» እንላቸዋለን፤ ዞር ሲሉ ግን ጋሽ ዣንጥላ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው በጠራራ ፀሐይ፣ የራሳቸው መላጣ እየተጠበሰ፣ ዣንጥላቸውን ለተክል ዘርግተው ቆመው ስለተገኙ ነው። ምነው ጋሼ ቢሏቸው፣ እኔማ ጥላ ፈልጌ መሄድ እችላለሁ፣ እሱ እግር የለውም አሉ።

ተክሉ ድራጎን ፍሩት ይባላል። ለማያውቀው ሰው፣ የቁልቋል ዘመድ ነው፤ ቅጠል የለውም፣ ባለ ሦስት ጠርዝ አረንጓዴ ግንዱ ምሰሶ ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ከአናት ተንዠርግጎ ይወርዳል። ፍሬው ከውጭ ደማቅ ቀይ፣ ከውስጥ ነጭ፣ በጥቃቅን ጥቁር ዘሮች የተሞላ ነው ይላሉ። ይላሉ የምለው፣ በእኛ ሰገነት ላይ አንድም ቀን ታይቶ ስለማያውቅ ነው። ጋሼ ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ ነው የተከሉት። በየበርሜሉ ምሰሶ አቆሙ፣ በየምሰሶው አናት አሮጌ ጎማ አሰሩ፣ ከዚያ ወዲያ ቤታቸው ከሚቀመጡ ይልቅ ሰገነት ላይ የሚቀመጡት በለጠ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ እንዲህ አልከረረም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ለቅሶ ቤት ቆይተው ሲመለሱ፣ ያለ ከለላ የዋሉት ለጋ ግንዶች ቢጫ ሆነው፣ ከዚያም ነጣ ነጣ ብለው ተቃጥለው አገኟቸው። አንደኛው በስብሶ ሞተ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሼ ፀሐይን በራሽን አደረጓት። «የጠዋት ፀሐይ ወተት ነው፣ የቀትር ፀሐይ ጅራፍ ነው» ይላሉ። ወተቱም ቢሆን ብዙ አይፈቀድም። ኧረ ጋሼ ትንሽ ይሙቁ እንጂ ካሏቸው፣ ጣታቸውን አንስተው «ሲበዛ ማርም ይመራል» ብለው ይመልሳሉ።

የጥላ መረብ ገዝተው ነበር፤ ነፋስ ይዞት ሄደ። ከዚያ በኋላ የተማመኑት በእኛ ልብስ ነው።

የሕንፃው የልብስ ማስጫ ገመድ ሰገነቱ ላይ ነው። ጋሼ ገመዱን ከበርሜሎቹ ዙሪያ አዛወሩና፣ ማን ምን እንደሚያሰጣ፣ በየት በኩል እንደሚያሰጣ ማዘዝ ጀመሩ። አንሶላ በምሥራቅ፣ ብርድ ልብስ በምዕራብ፣ ካልሲ የትም። ከታች ፎቅ የምትኖረው ነርስ ነጭ ጋዋኖቿን በምዕራብ በኩል ያሰጣች ቀን ጉድ ፈላ። ነጭ ጨርቅ ብርሃን ይመልሳል፣ ፎቶ ቤት ውስጥ ጉንጭ የማበራው በእሱ ነበር፣ አሁን ተክሉን በሁለት በኩል ልታስጠብሺው ነው ብለው ልመናም ቁጣም የተቀላቀለበት ንግግር አደረጉላት። ይህች ነርስ ሐኪም ሲያፈጥባት ዓይኗን የማታርገበግብ ሰው ናት። ጋዋኖቿን ለቅማ ወደ ሌላ ገመድ አዛወረችና ደረጃው ላይ ስታገኘኝ፣ ለምን እንደታዘዝኳቸው እኔም አልገባኝም አለችኝ።

እኔ ራሴስ ብሆን? አንድ ቅዳሜ በማለዳ በሬ ተንኳኳ። ሰው የሞተ መስሎኝ በደመ ነፍስ ከፈትኩ። ጋሼ ናቸው፤ ሰላም አደርክ፣ ዛሬ ፀሐይዋ አያያዟ አላማረኝም፣ የሚታጠብ ብርድ ልብስ የለህም ወይ አሉኝ። ንጹሕ ነው ብላቸው በሐዘን ተመለከቱኝ። በዓለም ላይ ንጹሕ ብርድ ልብስ በልመና ያጠበ ወንደላጤ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ተክሎቹ ምን ሆኑ? ረዘሙ። ቀጠኑ፣ ገረጡ፣ መረዘማቸውን ግን ቀጠሉ። ጋሼ እያደጉ ነው ብለው ደስ አላቸው። አበባ የሚባል ነገር ግን በዓመቱም የለ፣ በሌላውም ዓመት የለ። አከራያችን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ትዕግሥተኛ ሴት፣ ሰገነቱ ላይ የውሃ ታንከር ማስቀመጥ ከፈለጉ ቆይተዋል። የሚመቸው ቦታ ደግሞ በትክክል በርሜሎቹ የቆሙበት መሃሉ ነው። ጋሼን ማስቀየም ስላልፈለጉ ነገሩን በቀልድ ያዙት፤ አንዲት አበባ እንኳ ያሳዩኝና ዝም እላለሁ፣ ካልሆነ ግን በርሜሎቹ ይነሳሉ አሉ። ጋሼ ቀልዱን ሰምተው ሌላ አንሶላ ጨመሩ።

በዚህ መሃል የዓይን ሞራ ያዛቸው። ብርሃን ሲመጥን የኖረ ሰው በዓይኑ ሲመጣበት ያሳዝናል፤ አዝነን ነበር። ከተማው ማዶ የምትኖረው ልጃቸው ቀዶ ሕክምና አስደረገቻቸውና፣ ቁስሉ እስኪድን ብላ ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻቸው። ሲሄዱ ሰገነቱን አደራ የሰጡት ለእኔ ነው። አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ፣ በሌላው እያዩኝ፣ ከምንም በላይ ምዕራቡን አደራ አሉኝ። እንደ ድንበር ጠባቂ ቀጥ ብዬ እሺ አልኩ።

በሄዱ ማግስት የሰፈሩ የውሃ መስመር ተሰበረ።

ለመጠጥ በጄሪካን እየተሸከምን ልብስ የሚያጥብ ማን ነው? ገመዱ ባዶውን ቀረ። አንሶላ የለ፣ ብርድ ልብስ የለ፤ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ እንዳሻት በርሜሎቹ ላይ ስትፈነጭ ትውላለች። የራሴን ብርድ ልብስ ወስጄ ብሰቅል፣ ሌሊት በብርድ ተንቀጥቅጬ አደርኩና በበነጋው አወረድኩት። ጋሼ በየቀኑ ይደውላሉ። ጥላው እንዴት ነው ይሉኛል። እንደተዉት ነው ጋሼ እላለሁ። ከዚያ ወደ ሰገነቱ ወጥቼ፣ በአንድ ጎናቸው ቢጫ ማለት የጀመሩትን ግንዶች እቆጥራለሁ።

የውሃው መጥፋት ደግሞ የእትዬን ትዕግሥት ጨረሰው። ታንከሩ ታዘዘ፣ የቧንቧ ሠራተኛ ተቀጠረ፣ ቀን ተቆረጠ። እኔም ይህን ለማን ልንገር ብዬ ለልጅየዋ ደወልኩ። ልጅየዋ ግን አልደነገጠችም፤ እንዲያውም ድምጿ ቀለል አለ። እሱስ ይሻላል፣ በርሜሎቹ ከተነሱ እዚያ ምን ያደርጋል፣ አባዬ ከእንግዲህ እኛ ጋ ይቀራል አለችኝ።

እንግዲህ ይህን ስሰማ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የቅዳሜ እንቅልፌ ሊመለስልኝ ነው፤ ካልሲዬንም ብርድ ልብሴንም በፈለግኩት አቅጣጫ ላሰጣ ነው። ከፋኝ። ያለምንም ማስተባበያ ከፋኝ። ማታ ለነርሷ ብነግራት ገብታ በሯን ዘጋች።

ጋሼም እዚያ አልተመቻቸውም። በስልክ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ፦ ሐኪሙ ፀሐይ ተጠንቀቁ ያለው ለጥቂት ቀን ነበር፤ ቀኑ አልፏል፣ ፋሻውም ተነስቷል፣ እሷ ግን መጋረጃውን አትገልጥም። በረንዳ ልውጣ ሲሉ ዓይንህን፣ መንገድ ልሂድ ሲሉ ዓይንህን። ከማን እንደወረሰችው ልነግራቸው አስቤ አንጀቴ አልቻለም።

ከዚያ ነው እብጠቱን ያየሁት። ከጎማው ተንዠርግጎ በወረደ አንድ ግንድ ጠርዝ ላይ ትንሽ ጉጥ ነገር ወጣ። በሽታ መሰለኝ። ነርሷን ጠርቼ አሳየኋት፤ እሷም መረመረችውና፣ በሰው ላይ ቢሆን ቆርጬ አነሳው ነበር አለች። ደግነቱ አልተነካም። ጉጡ በየቀኑ እየረዘመ፣ ጫፉ እየተጠቀለለ ሄደ፤ ግንዶቹም ወፈር፣ ጠንከር አሉ። እምቡጥ ነው ስል ለራሴ እንኳ በሹክሹክታ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለጋሼ ብናገርና ቢረግፍስ?

በተቆረጠው ቀን ማለዳ፣ እትዬና የቧንቧ ሠራተኛው ወደ ሰገነቱ ሲወጡ፣ ጋሼና ልጃቸውም ደረሱ። ልጅየዋ የአባቷን ልብስ ልትሰበስብ ትልቅ ባዶ ሻንጣ ይዛለች። ጋሼ የገዛችላቸውን ድቅድቅ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ደረጃውን በዝግታ ይወጣሉ። ለመሰናበት መምጣታቸው ነው። እኔ ከኋላ ተከተልኩ።

አበባው ሌሊት ፈክቶ አድሯል። ሰሃን የሚያህል፣ ነጭ፣ ጠርዙ ገና መታጠፍ እየጀመረ፤ ንቦች ተሻምተውበታል። እትዬ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁና በሁለቱም ዓይናቸው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀና ብለው ባዶውን ገመድ አዩ።

«አንሶላዎቹስ?» አሉኝ።

እውነቱን ተናገርኩ። ውሃ እንደጠፋ፣ እሳቸው ከሄዱ ጀምሮ አንድም ጥላ እንዳልነበረ፣ በስልክ የዋሸሁት እንዳይጨነቁ ብዬ እንደሆነ አወጣሁት። ቁጣቸውን ጠብቄ አንገቴን ደፋሁ። ጋሼ ግን ግንዱን በመዳፋቸው እየዳበሱ ነበር፤ ቢጫ የሆነውን ጎኑን፣ የጠነከረውን ወገቡን።

«ለካ ስሳሳላቸው ፀሐይ አስርቤያቸው ኖሯል» አሉ፤ ወደ ልጃቸውም ዞሩ። «አየሽ ልጄ፣ ክፉ ሆኜ አይደለም። ሳስቼ ነው።»

ልጅየዋ አበባውን አየች፣ አባቷ እጅ ላይ ያለውን ጥቁር መነጽር አየች። «መጋረጃውን ማለትህ ነው አባዬ?»

«እኔ ስለ ድራጎን ፍሩት ነው የማወራው» አሉ ክቡርነታቸው።

እትዬ ከት ብለው ሳቁ። አበባ አሳዩኝ ብያለሁ፣ አሳዩኝ፣ እኔ ከቃሌ አልወጣም አሉ። ታንከሩስ የት ይሁን ብሎ የቧንቧ ሠራተኛው ቢጠይቅ፣ ጋሼ በምዕራብ በኩል ወዳለው ግድግዳ አመለከቱ፤ እዚያ ከቆመ የጠዋቷን ፀሐይ አያግድም፣ ከቀትር በኋላዋን ጅራፍ ግን ይመልሳል አሉት። ሠራተኛው ግድግዳውን በቡጢ መታ መታ አደረገና፣ እንዲያውም ሸክም የሚችለው እዚህ ነው፣ ቧንቧውም ያጥራል አለ። ዕዳዬ ከላዬ ላይ ሲወርድ ተሰማኝ፤ እፎይ።

ልጅየዋ ዓይኗን በእጇ ጠረገች። ስልክህን ዘግተህ እንዳላገኝህ፣ ጠብታውን እንዳትረሳ፣ መነጽሩን ቀትር ላይ ብቻ አድርግ እያለች አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ጋሼ እሺ፣ እሺ፣ እሺ አሉ። እኔም ባዶውን ሻንጣ ብድግ አድርጌ፣ ሐሳቧን ሳትቀይር፣ ደረጃውን በሩጫ ወርጄ መኪናዋ ውስጥ ከተትኩት።