ጭራቆቼ የማን ናቸው?

በዚህ ከተማ አጥቂ መሆን የማይፈልግ ሰው ካለ አሳዩኝና እጁን ልጨብጠው። ኳስ ሜዳ ብትሄዱ ሁሉም ጎል አግቢ ነው፤ በረኛ የሚቆመው እምቢ ማለት ያቃተው ምስኪን ብቻ ነው። ስብሰባ ብትገቡ ሁሉም ተናጋሪ ነው፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሲፈለግ ግን የአዳራሹ ሰው በሙሉ ጣሪያውን መመርመር ይጀምራል። ሰርግ ላይም ያው ነው። ከሙሽራው ጎን ፎቶ ለመነሣት የተጋፋው ሕዝብ፣ ወንበር ለመመለስ ሲጠራ አንዱም አይገኝም። እኔ አምስት ኪሎ አንድ ኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ የአደጋ ካሳ ጥያቄ ስለምቀበል ይህን ጠባይ በየቀኑ አየዋለሁ። ተጋጭቶ የሚመጣው ሾፌር ሁሉ ጎበዝ ነጂ ነው። የገጨችው መኪናዋ ናት።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ጭራቅ ልነግራችሁ ፈልጌ ነው። አትሳቁ። አርባን ያለፍኩ፣ ልጆች ያሳደግኩ፣ ማኅበር የምጠጣ ሴት ነኝ፤ ጭራቅ የሚያፋልም ጌም እጫወታለሁ። የጀመርኩት እግሬን ተሰብሬ ቤት የዋልኩ ጊዜ ነው። ባለቤቴ ታደሰ እንዳይሰለቸኝ ብሎ በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ ከፒያሳ ገዝቶልኝ መጣ። እግሬ ዳነ። ጌሙ ግን አልለቀቀኝም።

ለማታውቁት ላስረዳችሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች ስድስት ጭራቆች አሠልጥኖ ይመጣና፣ ተራ በተራ እያስገባ ከሌላው ሰው ጭራቆች ጋር ያፋልማል። የእሳቱ ጭራቅ ቅጠላሙን ያቃጥለዋል፣ የውኃው የእሳቱን ያጠፋዋል፣ ቅጠላሙ ደግሞ የውኃውን መጥጦ ያደርቀዋል። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ጭንቁ ስድስቱን መምረጡ ላይ ነው። ጭራቅ ከእንቁላል ይፈለፈላል፤ ሲፈለፈልም ጠባይ ይዞ ነው የሚወጣው። ስንቱን አስፈልፍዬ፣ “አይ፣ አንተ ቁጡ ነህ፣ እኔ የምፈልገው ታጋሽ ነው” እያልኩ እንዳሰናበትኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ታደሰን ለማግባት ስወስን እንኳ ይህን ያህል አላጣራሁም።

ከስድስቱ የምታምረው፣ ማለቴ ለኔ የምታምረኝ፣ ጭምት ናት። ስሙን ያወጣሁላት ራሴ ነኝ። ቀለሟ የጎርፍ ጭቃ የመሰለ ትልቅ ቀንድ አውጣ ናት። አትነክስም፣ አታቃጥልም፣ አትበርም። ሥራዋ መጀመሪያ ገብታ ዱላውን መቀበል ነው። እየተመታች ባላጋራዋን ቀስ አድርጋ ትመርዘዋለች፣ የቆሰሉ ጓደኞቿን ታክማለች፣ ከዚያ ድምፅዋን ሳታሰማ ትወጣለች። ያን ጊዜ ዘንዶው፣ ነበልባል፣ ክንፉን ዘርግቶ ይገባና የደከመውን ጠላት በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። ጭብጨባው ለነበልባል ነው። የጭምትን ነገር ማንም አያነሣም።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ዳዊት የመኪና ደላላ ነው። ጥሩ ልጅ ነው፤ ይህን የምለው አማቴ ሊያነቡት ስለሚችሉ ነው። ቤታችን በመጣ ቁጥር፣ “ሂሩቴ፣ ጭራቆቹ ምሳ በሉ?” እያለ ሲስቅብኝ የኖረ ሰው፣ አንድ እሑድ ሥላሴ አጠገብ አማቴ ቤት ምሳ ቀርበን ሳለ በጣም ለስላሳ በሆነ ድምፅ ጠራኝ።

“ሂሩቴ፣ ያንን ነገርሽን ለቅዳሜ አውሺኝ።”

“የምን ነገር?”

“ጭራቆቹን ነዋ። ሸምሱ ጌም ቤት ውድድር አለ። ፒያሳ በሙሉ ነው የሚመጣው።”

ሸምሱ የድሮ ሱቁ ሲፈርስበት ጌም ቤቱን ወደ እሪ በከንቱ መውረጃ ያዛወረ የዳዊት ጓደኛ ነው። ውድድሩን ሰምቻለሁ። እንዲያውም ልመዘገብ አስቤ ነበር፤ ይህንኑ ተናገርኩ። 

“አንቺ? እዚያ ሁሉ ጎረምሳ መሃል?” አሉ አማቴ እማማ በላይነሽ። ቁጣ አልነበረበትም፤ አዘኔታ ነበረበት፤ እሱ ነው የባሰው። “ስጪው ልጄ። ጨዋታ አይደል እንዴ? በጨዋታ ወንድምና እህት አይቀያየሙም።”

ታደሰን አየሁት። አንዳች ነገር የጣለ ይመስል ሳህኑ ላይ አጎንብሶ ይፈልጋል።

እስቲ ፍረዱኝ። እኔ ስጫወተው “ትልቅ ሴት አታፍርም” የሚባልበት ነገር፣ እሱ ሲፈልገው ወዲያው ቀላል ጨዋታ ሆነ። አዋስኩት። ምን ላድርግ? ግን ቁጭ አድርጌ አስጠናሁት። “መጀመሪያ ጭምትን አስገባ። ነበልባልን እንዳትቸኩልበት” አልኩት። “እሺ፣ እሺ፣ እሺ” አለኝ። ሦስት ጊዜ እሺ ያለ ሰው አንዱንም እንዳልሰማ ማወቅ ነበረብኝ።

ቅዳሜ ከታደሰ ጋር ጭራቆቼን ለማየት ሄድኩ። የዳዊት ተጋጣሚ ኤልያስ የሚባል መነጽር ያደረገ፣ ዝምተኛ ፋርማሲስት ነበር። ጨዋታው በትልቅ ቴሌቪዥን ይታያል፤ ሰዉ ከበሩ እስከ ባንኮኒው ተጠቅጥቋል። ዳዊት እጅጌውን ሰበሰበና በመጀመሪያው ዙር ማንን አስገባ? ነበልባልን! ሰዉ አጨበጨበ። ኤልያስ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገና የውኃ ጭራቅ አመጣ። ዘንዶዬ ውኃ እንደፈሰሰበት ከሰል ጢስ ብሎ ጠፋ። ዳዊት ተናደደና ሌላ አጥቂ አስገባ፤ እሱም ወደቀ። ከጭምት በቀር የቀሩትንም ተራ በተራ ጨመረ፤ እነሱም ወደቁ። ጭምት የገባችው የምታክመው ጓደኛ ሲያልቅ፣ የምትጠብቀው ሰው ሳይኖራት፣ ብቻዋን ነው።

“ይቺ ደግሞ አትማታም እንዴ?” አለ አንዱ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እሷ ግን እየተመታች ትቆማለች፣ እየተመታች ትቆማለች። በመጨረሻ ስትወድቅ እንባዬ መጣ። ለጭራቅ! በሰው ፊት!

ዳዊት መጫወቻውን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ። ድምፁን ሁሉም እንዲሰማው ከፍ አድርጎ፣ “ቲምሽ ደካማ ነው ሂሩቴ። የማይማታ ነገር ምን ያደርጋል?” አለኝ። ዙሪያውን ያሉት ወንዶች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሐዘን ቤት የመጡ ይመስሉ ነበር። ደሜ ፈላ። 

ይህን ጊዜ ኤልያስ ሰዉን አልፎ መጣ። “ይቅርታ፣ ይህን ቲም የሠራው ማነው?”

“እሷ ናት!” አለ ዳዊት፣ ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ። ሥራው የኔ መሆኑን የሚያምነው ሲሸነፍ ብቻ ነው።

“መሸነፍ የሚገባው ቲም አልነበረም” አለኝ ኤልያስ። “ቀንድ አውጣዋን ቀድሞ ቢያስገባብኝ አልቆልኝ ነበር። በሚቀጥለው እርስዎ ራስዎ ይምጡ።”

ቤት ስንገባ ቁጣዬ ታደሰ ላይ ወረደ። ለምን ዝም አልክ አልኩት። “ወንድሜ ነው፣ ምን ልበለው?” አለኝ። “እኔስ ምንህ ነኝ?” አልኩት።  ሌላ ውድድር ሲመጣ ግን፣ ዳዊት ያንኑ ለስላሳ ድምፁን ይዞ ብቅ ሲል፣ ታደሰ “ሂሩት ናት የምትጫወተው” ብሎ በሩ ላይ መለሰው። አማቴ ሰምተው ለሁለት እሑድ አኮረፉን።

ሄድኩ። በሩ ላይ የቆመ አንድ ሰው፣ “እናቴ፣ ልጅዎን ፈልገው ነው?” አለኝ። “አይ፣ ጭራቆቼን ይዤ ነው” አልኩት። መንገድ ለቀቀልኝ። ከመጀመሪያው ተጋጣሚ ጀምሮ ጭምትን እያስቀደምኩ፣ ሰዉን እያሰለቸሁ፣ እስከ ፍጻሜው ደረስኩ። እዚያ የጠበቀኝ ኤልያስ ነው። ጭምትን ስለሚያውቃት መርዝ የማይነካው ጭራቅ አዘጋጅቶላት ነበር።  የሆነ ሆኖ አስገባኋት። መመረዙን ትታ ራሷን ብቻ እያከመች ቆመች። ኤልያስ ይመታል፣ እሷ ትድናለች፤ ይመታል፣ ትድናለች፤ በጌሙ ብርቱ ምት በቁጥር የተወሰነ ስለሆነ፣ ያለውን ሁሉ እሷ ላይ ጨረሰው። ባዶ እጁን ሲቀር ነበልባልን ጠራሁት። ኤልያስ ራሱ ሳቀና ብድግ ብሎ እጄን ጨበጠኝ።

ሸምሱ ዋንጫ አምጥቶ ፎቶ ሊያነሣኝ ስልኩን ሲያነጣጥር፣ ከኋላ ተቀምጦ የነበረው ዳዊት ከየት መጣ ሳይባል ብቅ አለ። አንድ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ፣ በሌላው እጁ ዋንጫውን ከእጄ ወስዶ ወደ ላይ አነሣና፣ “ቲማችን!” ብሎ ጮኸ።

እህ? “ቲምሽ ደካማ ነው” ያለኝ ሰው እኮ ነው!

ሳምንት ሳይሞላ ፎቶው በትልቁ ታትሞ የሸምሱ መስታወት ላይ ተለጠፈ። መሃል ላይ ዳዊት ዋንጫ ይዞ፤ እኔ በጎን፣ ዓይኔን ጨፍኜ። ከሥሩ “የፒያሳ የጭራቅ ሻምፒዮን” ይላል። መንገደኛው ዳዊትን እያስቆመ ይጨብጠው ጀመር፤ እሱም አላሳፈራቸውም። ይባስ ብሎ ማኪያቶውን ይዞ፣ “ዋናው ትዕግሥት ነው፤ ቀንድ አውጣዋን ማስቀደም ነው” እያለ ሲያስተምር በጆሮዬ ሰማሁት።

በቀጥታ ሸምሱ ጋ ሄድኩ። “ይህ ምንድን ነው?”

“ውይ እትዬ ሂሩት፣ እሱ ፎቶ ይወጣለታል ብዬ ነው እኮ።”

“ቁረጠው።”

ሸምሱ የተባለውን የሚፈጽም ሰው ነው፤ ቆርጦ እንደገና አሳተመው። በማግስቱ ከአማቴ ጋር ወደዚያ ስንወርድ መስታወቱ ፊት ቆምን። እውነትም ብቻዬን ነኝ። ዳዊት የለም። ዋንጫውም የለም፤ በእሱ እጅ ስለነበር አብሮት ተቆርጧል። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ያለ ዋንጫ ቆሜያለሁ፤ ትከሻዬ ላይ ግን ባለቤት የሌለው እጅ ከነቀለበቱ ቀርቷል።

እማማ በላይነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ጠጋ ብለው አዩት።

“እጁ የዳዊት ነው አይደል? በቀለበቱ አወቅሁት” አሉ። ፊታቸው በራ። “ደግፎሽ ነዋ!”