በአንድ ጁሙዓ የተሰፋ አልጋ ልብስ

የሞተ ሰው ልብስ ምን ይደረጋል? አገር ቤት ቢሆን ይህ ጥያቄም አይደለም። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ይህ ለእሷ፣ ያ ለእሱ፣ የቀረው ለነዳያን ይባልና ያበቃል። ሰው አገር ሲሞቱ ግን ልብስ ባለቤት ያጣል። ተካፋይ የለም፣ ቁም ሳጥን የለም፤ አንድ ከረጢት ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ ይቀራል፣ አብራ የምትኖር ጓደኛ ስትነሳም ስትተኛም ታየዋለች። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉበት ነበር? እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰው ስለሚለብሰው እንጂ ትቶት ስለሚሄደው ልብስ አስቤ አላውቅም።

በዚያው በሰው አገር፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባል ሰፈር ገበያ ዳር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰፍቻለሁ። ዘይነባ የመጣችብኝ ከተማው በጦርነት እንዲህ ሳይበተን በፊት፣ በአንድ ጁሙዓ ጠዋት ነው። የወሎ ልጅ ናት፤ ጀብራ ሰፈር ከአንድ ቤተሰብ ዘንድ ትሠራለች፣ የዕረፍት ቀኗም ጁሙዓ ብቻ ነው። ከረጢቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። የከድጃ መሆኑን ሳትነግረኝ አወቅሁ። ከድጃ የመንደሯ ልጅ፣ አንድ ክፍል አብራት የምትኖር ጓደኛዋ ነበረች። ሦስት ቀን ብቻ ታማ ሞተች፤ ከቀበርናት ገና ወር አልሞላም ነበር። እናቷ የልጇን መቃብር እንኳ አላየችም።

አንድ የአገራቸው ሰው በማግሥቱ ወደ ወሎ ይነሳል፣ አንድ ዕቃ ብቻ እይዝላችኋለሁ ብሏል። ዘይነባ የምትፈልገው ከከድጃ ልብሶች አንድ አልጋ ልብስ እንድሰፋላትና ለእናትየዋ እንድትልከው ነው። በዛሬዋ ቀን። ጨርቁ ካሬ ካሬ ሆኖ ተቆርጦ፣ አንዱ ካንዱ እየተጋጠመ የሚሰፋ አልጋ ልብስ ቢያንስ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው አልኳት፤ ድምፄን ለስለስ አድርጌ፣ እንደ ባለሙያ።

"እትዬ አልማዝ፣ ካሬ ቁረጪ ማን አለሽ?" አለችኝ።

የምትሠራበት ቤት አንዲት አሮጊት አሉ፤ ቤተሰቡ ሐቦባ ይላቸዋል፣ አያት ማለቱ ነው። ዘዴውን ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው። ጨርቁ ካሬ አይቆረጥም፣ እንደ መቀነት በረጅሙ ይቀደዳል። ሦስቱ ጎን ለጎን ይሰፋሉ፤ ባንዱ ጥቁረት ያለው መሐል ፈካ ያለው ዳርና ዳር፣ በሌላው ተገላቢጦሽ። በካውያ ይተኮሱና ከዚያ በአግድም ይቆረጣሉ። እያንዳንዱ ቁራጭ ሦስት ካሬ ተሰፍቶ ያለቀለት ሆኖ ይወጣል። ሦስቱን ቁራጭ ቀለማቸውን እያፈራረቁ መግጠም ነው፤ ዘጠኝ ካሬ ሆነ። እኔ ዘጠኝ ጊዜ ቆርጬ፣ ለክቼ፣ ወግቼ የማገኘውን እሷ በአራት ረጃጅምና በሁለት አጫጭር ስፌት ጨረሰችው። ብዙ አልተከራከርኩም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴን ዋጥ አድርጌ መቀሱን አነሳሁ።

መጀመሪያ የወጣው እኔው ራሴ ለዒድ የሰፋሁላት አረንጓዴ ቀሚስ ነበር። ያኔ፣ ገና እያደግሁ ነውና ከታች ትርፍ ተዪልኝ ብላኝ ነበር። ቅምቅማቱን ስፈታው ውስጡ ፀሐይ ያላየ፣ የመጀመሪያ ቀን አረንጓዴ ሆኖ ቆየኝ። ዘይነባ ፊቷን አዞረች። እኔም ቀደድኩት።

ከህረባው ረፋድ ላይ ጠፋ፤ የእግር መኪናዬ ግን መብራት አይፈልግም። እሷ ትቀድዳለች፣ ከሰል ባለው ካውያ ትተኩሳለች፣ እኔ እሰፋለሁ። አራተኛው ቀሚስ ላይ እጄ ቆመ። ከድጃ ረጅም ልጅ ነበረች፤ ይህ ቀሚስ ከጉልበቷ አያልፍም። አምስተኛውም እንደዚያው፣ ስድስተኛውም። ቀና ብዬ ዘይነባን አየኋት። አጭር ናት።

"ሦስት ብቻ ነበር ያላት" አለች፣ ከካውያው ላይ ዓይኗን ሳታነሳ። "አራት ዓመት ሠርታ ሦስት ቀሚስ ነበራት ብዬ ለእናቷ ልላክ?"

ለአንቺስ ምን ቀረሽ ብዬ ልጠይቃት ነበር። የለበሰችውን አየሁና ተውኩት። ከጓዳዬ አንድ ንጹሕ አንሶላ አምጥቼ ገበር አደረግሁለት፤ የዐስር ሶላት ሳይደርስ አልቆ ተጣጠፈ። ሰውየውም ይዞት ሄደ።

ሁለት ወር ቆይቶ፣ በሌላ ጁሙዓ፣ ዘይነባ ስልኳን ይዛ መጣች። እናትየዋ የድምፅ መልእክት ልከዋል። ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፤ ልብሱ እንደደረሳቸው፣ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ እንዳየው ነገሩን። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ "ከዚህ ስትወጣ በአንድ ቀሚስ ነበር የወጣችው። እዚህ ላይ የማውቀው አንድም ጨርቅ የለም። ይህን ሁሉ ስትለብስ ኖራ ከሆነ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ተመችቷት ነበር።"

እኔ መሬት መሬት አየሁ። እውነቱን እንንገራቸው ወይ ስላት ዘይነባ መልእክቱን ደግማ አዳመጠችው።

"ወላሂ እኛ ምንም አላልናቸውም" አለች በመጨረሻ። "ጨርቁን አይተው ነው።"

ሃፍላው፣ የጀብራው አውቶቡስ፣ እንዳያመልጣት ተሰናብታኝ ወጣች። ለንስሐ አባቴ በዕድሜዬ ብዙ ተናዝዣለሁ። ይህቺን ግን እስከ ዛሬ አላነሳሁላቸውም፤ ከኃጢአቴ ወገን ትሁን ከሌላው አላወቅሁማ።