የደምሴ ቀይ

እስቲ ቀይ ምን እንደሚመስል አስረዱኝ። ደም ይመስላላ፣ ትሉኛላችሁ። ደሙስ ምን ይመስላል? ቀይ። ይኸው፣ ከዚያ ፈቀቅ አይልም። እኔም ደምሴ ክው እስኪያደርገኝ ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር።

ደምሴ አብሮ አደጌ ነው። በጃንሆይ ዘመን ሸዋ ሮቢት አብረን በርበሬ እንለቅም ነበር። ሚስት ስትታጭለት፣ ልጅቷን ሳላያት አላገባም ብሎ ድርቅ አለ። የዚያን ጊዜ እንዲህ የሚል ሙሽራ የት ይገኛል? አገናኟ እትዬ ዘውዴ ግን መላ አያጡም። እጮኛህ ዘነበች ከአክስቷ ልጅ ጋር ገበያ ትወጣለች፣ ቀይ ሻሽ ያሰረችዋ ናት፣ ከሩቅ አይተህ ሂድ አሉት። አብሬው ሄድኩ። ሁለቱ ልጆች ሽንኩርት ይመርጣሉ፤ አንዷ ቀይ ሻሽ፣ አንዷ አረንጓዴ። ባለ ቀይዋ ኮስታራ ናት። ደምሴ ግን ፈዞ ቀረ። ሳቋን አየህልኝ ወይ አለኝ። የምን ሳቅ? ለወደደ ሰው የማይታይ የለም ብዬ፣ ትባረክልህ አልኩት።

ሽማግሌ ተላከ፣ ቀን ተቆረጠ። ሰርጉ ሲቃረብ በርበሬ እየለቀምን ስለ እሷ ያወራልኛል። ሻሿ እኮ ልክ እንዲህ ያለ ቀይ ነበር ብሎ ምን ቢያሳየኝ ጥሩ ነው? የበርበሬ ቅጠል። ይሄ ቀይ ነው? አልኩት። ነዋ። የበሰለውን በርበሬ አነሳሁና ይሄስ? አልኩት። እሱም ቀይ ነው አለኝ። ታዲያ የበሰለውን በምን ለይተህ ነው የምትለቅመው? ስለው፣ ጠውለግ ያለውን ነዋ፣ በርበሬ ቀላ ማለት ጠወለገ ማለት አይደል እንዴ አለኝ።

ኧረ ይሄ ቅጠል አረንጓዴ ነው አልኩት። ዕድሜ ልካችንን ቀይ፣ ቀይ ስንባባል ቃሉ እንጂ የምናየው አንድ አልነበረም ለካ። የወፍ ወንድና የሰው ሆድ አይታወቅም ይላሉ፤ ዓይኑስ? ከዚያ ወዲያ ሰው ወጡ ጣፈጠኝ ሲል እንኳ፣ ምን ይሆን የጣፈጠው እያልኩ እጨነቃለሁ።

ደምሴ ሲገባው የእርሻው ቦይ ዳር ቁጭ አለ። የወደዳት ሳቂታዋ ባለ አረንጓዴ፣ የታጨችለት ኮስታራዋ ባለ ቀይ። ቃል ወጥቷል፤ ይቅርብኝ ቢል የሁለት ቤተሰብ ጠብ ነው። እህል አልቀምስም አለ። የሰርጉ ዕለት ለቅሶ ቤት እንደሚሄድ ሰው አንገቱን ደፍቶ ገባ።

ሙሽሪት ስትገለጥ ያቺ ሳቂታዋ ናት።

ነገሩ ኋላ ወጣ። ዘነበች ሊያያት እንደሚመጣ ሰምታ፣ እንደ ጥጃ ገበያ ላይ ልታይ? መጀመሪያ እኔ ልየው ብላ ሻሿን ከአክስቷ ልጅ ጋር ተለዋውጣ ኖሯል። ዓይን ያለው ሰው መጥቶ ቢሆን ጉዴ ፈልቶ ነበር እያለች ትስቃለች።

ዓይን ያለውማ አብሮት መጥቶ ነበር። ኮስታራዋን መርቆለት ተመልሷል።