ድሮኔና የጋሽ ደስታ በረንዳ

አሁን አሁን ከቤት ስወጣ መጀመሪያ የማየው ሰማዩን ነው። ድሮ የታክሲ ሰልፉን ነበር። ዛሬ ግን ዛፉ ይወዛወዛል ወይ? የተሰጣው ልብስ ይርገበገባል ወይ? ብዬ ሳላጣራ እግሬን አላነሳም። አንዷ ጎረቤቴ ሰማይ ሰማይ ስመለከት አይታ፣ "ሉባባ፣ ምነው ሰሞኑን ዱዓ አበዛሽ?" አለችኝ። ዱዓውስ ባልከፋ ነበር። ግን ድሮን ነው እህቴ፣ ድሮን!

ካልሰለቻችሁ ዛሬ ትንሽ ልኩራራ። ሰው በመኪናው ይኮራል፣ በልጁ ይኮራል፣ አንዳንዱ አይቶት በማያውቀው ቅድመ አያቱ ሳይቀር ይኮራል። እኔ በገዛ እጄ በተማርኩት ነገር ብኮራ ምን ነውር አለው?

ሥራዬ ሰርግ መቅረጽ ነው። ሃያ ሁለት አካባቢ አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ አለችኝ። ለብዙ ዓመት ሙሽሮች ሲመጡ የሚጠይቁኝ የአልበሙን ውፍረት ነበር። ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ። ገና ወንበር ሳይስቡ "ድሮን አለሽ?" ይላሉ። የለኝም ስላቸው በትሕትና "እንደዋወላለን" ብለው ይወጣሉ። አዲስ አበባ ውስጥ "እንደዋወላለን" ማለት "ቻው" ማለት መሆኑን የማያውቅ አለ? የአንዷ ሙሽራ አክስትማ፣ "ከላይ ያልታየ ሰርግ ማን አየው ይባላል?" ብላ ሞገተችኝ። አላህ ያየዋላ! ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ደንበኛ ናት ብዬ ዋጥኩት።

ማታ ለባለቤቴ ለሰይድ ነገርኩት። ሰይድ ከሰሚት መገናኛ ሚኒባስ ይነዳል። ጎማ በሌለው ነገር አያምንም። "ላም አለኝ በሰማይ!" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም እልህ ያዘኝ። ይህቺን ላም አልባት እንደሆነ ታያለህ አልኩ በሆዴ።

ልገዛ ቦሌ ሄድኩ። ሻጩ ልጅ አንድ ግዙፍ ድሮን አወጣና "ሲስተር፣ ይሄ ሬንጁ፣ የሚሄድበት ርቀት ራሱ ሌላ ነው! ሰው እየተከተለ ይቀርጻል፣ ስትጠሪው ይመጣል" አለኝ። ስጠራው የሚመጣ ነገር በሕይወቴ አጋጥሞኝ ስለማያውቅ ልቤ ቀልጦ ነበር። ግን አንድ ነገር ጠየቅኩት።

"ስትወድቅ ምን ትሆናለች?"

"ለምን ትወድቃለች?" አለ ቅር ብሎት።

"የማበርራት እኔ ነኛ!"

ሳቀና ግዙፉን መለሰው። ከሥር ትንሿን አወጣ። መዳፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ክንፎቿ ዙሪያቸውን በፕላስቲክ የታጠሩ፣ መለዋወጫ የሚገኝላት። "ይቺ ብዙ አትፎክርም" አለኝ። ወሰድኳት። በሕይወቴ ጥሩ ምርጫ መረጥኩ የምለው ሁለት ነው። አንዱ እሷ ናት። ሌላው ሰይድ ነው፣ እሱንም ያልኩት ይህን ስለሚያነበው ነው።

መግዛቱ ግን ምኑም አልነበረም። መጀመሪያ ፈቃድ ማውጣት አለ፣ እሱ ራሱ ትዕግሥት ያስተምራል። ፈቃዱ ሲወጣ ደግሞ ስቱዲዮዬ ደጃፍ ላስነሳት ብሞክር እምቢ አለች። ለካስ አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ መሆኑን እሷም ታውቃለች! ያለችበትን አውቃ አልነሳም የምትል ዕቃ ያን ቀን ገና አየሁ። ስንት ሰው ነው ያለበትን ሳያውቅ የሚነሳው?

ስለዚህ እሑድ እሑድ ከአያት ወዲያ ባለው ሜዳ ሆነ ትምህርቱ። ሰይድ ለመሳቅ ተከትሎኝ መጣ፣ ሳቀም። ድሮኗ ከእኔ ስትርቅ ደህና ናት። ፊቷን ወደ እኔ ስታዞር ግን ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። ወደ ግራ በይ ስላት ወደ ቀኝ ትበራለች፣ ስደነግጥ የባሰ እገፋታለሁ፣ ከዚያ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብታ ትሰነቀራለች። በወደቀች ቁጥር ሰይድ "ወራጅ አለ!" ብሎ ይጮሃል። ሜዳው ላይ ኳስ የሚጫወቱት ሁሉ ለመዱትና አብረው "ወራጅ አለ!" ማለት ጀመሩ።

አንድ እሑድ ግን ዛፉን ዞራ፣ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ ቀጥ ብላ መጥታ እግሬ ሥር አረፈች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እውነት ነው፤ ኧረ ይበርራልም። ሰይድ አፉን ሊከፍት ብሎ ወራጅ አጣ።

አሁን ወደ ጋሽ ደስታ ልውሰዳችሁ። ጋሽ ደስታ አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ድሮ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዱ የነበሩ የጉራጌ አባት ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ አንድ እግራቸው አልታዘዝ ብሎ ደረጃ መውረድ አቁመዋል። ሊፍት ደግሞ የለም። የመጨረሻ ልጃቸው ጽዮን ልታገባ ነው፣ ሰርጉን የምቀርጸው እኔ ነኝ። ግቢውን ለማየት ስሄድ ጋሽ ደስታ በረንዳቸው ላይ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል።

"ታያለሽ ልጄ" አሉኝ ወደ ታች እያመለከቱ። "ከነገ ወዲያ ይሄ ግቢ በሙሉ ድንኳን ይሆናል። ልጄን ድሬ ሸራ ላይ ላፈጥ ነው።"

ጽዮን ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ "ወንድሞቼ በወንበር ተሸክመው ያውርዱህ ብንለው እምቢ አለ" አለችኝ።

"አዎ እምቢ! ሰው ትከሻ ላይ ሆኜ ከዚህ ቤት የምወርደው አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱም ገና ነው!"

ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ካልወረዱ ዓይንዎን ባወርደውስ?"

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ጽዮን አባቷ ጉልበት ሥር ተንበርክካ ተመረቀች፣ ወደ ድንኳኑ ወረደች። የታችኛውን ካሜራ ለባልደረባዬ ሰጥቼ እኔ በረንዳው ላይ ቀረሁ። በረንዳው ጠባብ፣ የዲሽ ገመድ በግራ፣ የልብስ ሽቦ በቀኝ። ሰይድ፣ ያ ጎማ በሌለው ነገር የማያምነው ሰውዬ፣ ድሮኗን መዳፉ ላይ አስቀምጦ ክንዱን ከበረንዳው ብረት ውጭ ዘረጋ። "ቢስሚላህ በይ" አለኝ። ብዬ ለቀቅኳት።

ጋሽ ደስታ መነጽራቸውን አድርገው ሪሞቱ ላይ የተሰካውን፣ ድሮኗ የምታየውን የሚያሳየውን ስልክ ያያሉ። የድንኳኑ አፍ፣ ጭፈራው፣ የሚያስተናግዱት ሰዎች፣ ሁሉም ታያቸው። "ያ ወንድሜ ነው? ይኸው ሁለተኛ ሳህን ያዘ! ስኳር አለብኝ አላለም?" በሳቅ ሞትን።

በዚህ መሃል ጭልፊት መጣ። ጓሮ በሬ ታርዷል፣ ጭልፊቶቹ ቀድመው ተጠርተዋል። አንዱ ድሮኔን የተሰረቀ ሥጋ አድርጎ ቆጠራትና ተወረወረ። ጋሽ ደስታ "ኧረ በላት!" ብለው ጮኹ። ታዲያ ሜዳው ላይ ለምን ስወድቅ ከረምኩ? ጭልፊት ቁልቁል እንጂ ቀጥ ብሎ ሽቅብ አይችልም፤ አውራ ጣቴን ገፋሁና ሽቅብ ሰደድኳት። ሁለቴ ዞረ፣ እንደማትበላ ሲገባው ወደ ጓሮው ተመለሰ።

በስክሪኑ ላይ ግን ሰዉ ሁሉ ምስር አክሏል። የሙሽሮቹ መኪና ጡሩምባ ተሰማ።

"ልጄ የታለች? ወጣች እኮ!" አሉ ጋሽ ደስታ። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር።

ባትሪው ቀይ ማሳየት ጀምሯል። ሰይድ "መልሻት፣ ትወድቃለች" አለኝ። ትውደቅ! አልኩ። ብትወድቅ እሠራታለሁ፣ ይቺ ደቂቃ ግን መለዋወጫ የላትም። ቁልቁል አወረድኳት፣ ከሰዉ ራስ በላይ አሳልፌ፣ ፊቷን አዞርኩ፣ ግራው ቀኝ ቀኙ ግራ ሆነ፣ አልተምታታብኝም። ከጽዮን ትይዩ፣ ራቅ አድርጌ አቆምኳት። ጽዮን አየቻት። አንድ እግሯን መኪና ውስጥ ካስገባች በኋላ መልሳ አወጣች፣ አበባዋን ለሚዜዋ ሰጠች፣ ቬሏን ሰብስባ ለድሮኗ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። ድምፅ አይሰማም። ከንፈሯ ግን "አባዬ" ሲል በግልጽ ይታያል።

ጋሽ ደስታ ጣታቸውን ዘርግተው ስክሪኑ ላይ ጉንጯን ነኩ። ስልኩ ትእዛዝ መሰለውና ምስሉን አበራው፣ ጽዮን በብርሃን ተዋጠች። "ምን አደረግኩ? አበላሸሁ?" አሉኝ ደንግጠው። "ኧረ አሳመሩት እንጂ" አልኳቸው። ዓይናቸውን ጠርገው "ይሄ ነፋስ" አሉ። ነፋስ አልነበረም።

ድሮኗ በመጨረሻ እስትንፋሷ ሰይድ መዳፍ ላይ አረፈች። ከታች እልልታ ቀለጠ። እልልታው ለሙሽራዋ ነው ብለው ሊከራከሩኝ የሞከሩ አሉ። ይከራከሩ። እኔ ለማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ፊልሙ ሲያልቅ ይዤላቸው ሄድኩ። አብረን ስናይ እንደ ፈላስፋ አደረገኝና፣ "ጋሼ፣ ከላይ ሲታይ ሰው ሁሉ እኩል ነው አይደል? ሀብታም የለ፣ ደሃ የለ፣ ሁሉም ነጥብ" አልኳቸው። በምርጥ አባባሌ ረክቼ አድናቆታቸውን ጠበቅኩ።

ጋሽ ደስታ አላዳመጡኝም። ድሮኗ ከበረንዳው የምትነሳበት ቦታ ላይ ደርሰዋል። "አቁሚው፣ አቁሚው!" አሉ። "ማነው ይሄ መላጣ?"

"እርስዎ ነዎት ጋሼ።"

ጠጋ ብለው ፀሐይ ያረፈበትን አናታቸውን አዩት። ከዚያ ኮራ ብለው ወንበራቸው ላይ ተደገፉ።

"ሁሉ እኩል ነው አትበይ ልጄ" አሉኝ። "አንዳንዶቻችን እናበራለን።"